ለነገሩ ስም ማውጣት፦ የነጋዴ ጠበቃ ከዛፍ ሥር ሙግት እስከ ንግድ ችሎት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የአንድን ሙያ ነገር ከሥሩ ልናነሣ ነው። ሙያው የነጋዴ ጠበቃ ሥራ ነው። ስለ ወንጀል ጠበቃ ብዙ ይወራል፤ በልብ ወለድም በፊልምም ቦታ አለው። የነጋዴን ጠበቃ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሥራው ውል ነው፣ ደረሰኝ ነው፣ የሒሳብ መዝገብ ነው፣ ቼክ ነው፣ ቀጠሮ ነው። ደም የለበትም፤ እንባውም ቢኖር በአደባባይ አይታይም። ይሁን እንጂ የመርካቶ ቸርቻሪ ሱቁን መዝጋትና አለመዝጋቱ፣ የባለ ጭነት መኪናው ንብረት በሐራጅ መሸጥና አለመሸጡ የሚወሰነው በዚሁ ድምፅ በሌለው ሥራ ነው።

የምንለው አጭር ነው። የነጋዴ ጠበቃ ዋና ሥራ በችሎት ፊት መናገር ብቻ አይደለም፤ ለነገሩ ስም ማውጣት ነው። ይህ ነገር ሽያጭ ነው ወይስ ብድር? ዋስትና ነው ወይስ ክፍያ? ስሙ ከታወቀ ሕጉ ይታወቃል፤ ሕጉ ከታወቀ ማስረጃው ይታወቃል፤ ማስረጃው ከታወቀ ፍርዱ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ጥንትም ዛሬም ሥራው ይኸው ነው። የተለወጠው ስሙ የሚወጣበት ቋንቋና ያንን ቋንቋ የሚሰማው ሰው ነው። የታሪኩም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ጥንቱ እንመለስ። በድሮው ሙግት ችሎት የግድ ቤት አልነበረውም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ «በሕግ አምላክ!» ብሎ አንዱ ሌላውን ያቆመዋል፤ የሚያልፈውን ሽማግሌ ወይም መንገደኛ «ዳኝነት ተቀመጥልን» ይሉታል፤ እሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የዳኛው ፍርድ ካላረካ ወደ ሹሙ፣ ከሹሙ ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም ወደ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይባላል። ሙግቱ ወግ ነበረው። ተጠየቁ አለ፤ በልሃ ልበልሃው አለ፤ ውርርዱ አለ። ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ ዘንጉን ይዞ ይቆምና «ይህ ባይሆን በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ» እያለ ይወራረዳል፤ ባላንጣውም ውርርዱን ይቀበላል ወይም ይሸሻል። ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ መጠሪያ ያደረግነው «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገር እኮ የመጣው ከዚያው ከሙግት ሜዳ ነው።

አንደበት ያልሰጠው ሰው ጠበቃ ያቆማል። ጠበቃ ማለት ከስሙ እንደምንረዳው የሚጠብቅ ነው፤ የሰውየውን ነገር እንዳይፈስ፣ እንዳይባክን የሚጠብቅ። ትልልቅ መኳንንትና ገዳማት ደግሞ ነገራቸውን ሁልጊዜ የሚከታተልላቸው ነገረ ፈጅ ነበራቸው። ይህ ቃል አልሞተም፤ ዛሬም በባንክና በድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሕግ ጉዳይ የሚከታተለው ባለሙያ በዚሁ ስም ይጠራል።

የዚያ ዘመን ጠበቃ መጽሐፍ ላይያነብ ይችላል፤ ነገርን መለየት ግን ያውቃል። ባላንጣውን በጥያቄ እያጠበበ «አዎን» ወይም «አይደለም» ከሚል ቦታ ያደርሰዋል፤ ነገሩ አንዲት ነጥብ ሆና ትቀራለች፤ በዚያች ነጥብ ላይ ምስክር ይቆጠራል። ዛሬ በሥነ ሥርዓት ሕጋችን «ጭብጥ መመሥረት» የምንለው ሥራ ይህ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ዙሪያውን የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ይስቅ፣ ያደንቅ፣ ይፈርድም ነበር። የተረታው ሰው በምን ቃል እንደተረታ ያውቀው ነበር።

ነጋዴውስ? ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን፣ ዝባዱን፣ ቡናውንና ቆዳውን ጭኖ ከአገር አገር ሲዞር ከሁሉ በላይ የሚይዘው የሰው እምነት ነበር። ዕዳ የሚታሰረው በወረቀት ሳይሆን በዋስ ነው። «ዋስ ጥራ!» ይባላል፤ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ቁራኛ ይታሰራል። ባለገንዘቡና ባለዕዳው በአንድ ሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች ይህን ያሳያሉ። ቁራኛ ጭካኔ ነበረበት፤ ይህን አንሸፍንም። ነገር ግን አንድ እውነት ይናገራል፦ ዕዳ የሁለት ሰዎች ማሰሪያ ነው፤ አበዳሪውም ነፃ አይደለም። የዛሬው ነጋዴ ባለዕዳውን በፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ሲከተል ያለ ሰንሰለት ቁራኛ ሆኗል ብንል ማጋነን ይሆንብን ይሆን?

የነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር። ቀረጥ ይሰበስባል፣ ገበያ ያስተዳድራል፣ የነጋዴዎችንም ክርክር ይዳኛል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ በዚህ ሹመት ላይ ከነበሩት አንዱ ናቸው፤ ስለ አገር ሀብትና ስለ ንግድ የጻፉት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። የንግድ ዳኝነትንና የንግድን አስተሳሰብ በአንድ ራስ ላይ ስናይ፣ ንግድ የራሱን ዳኛ ገና ከጥንቱ ይሻ እንደነበር እንረዳለን።

ታዲያ ለውጡ ከየት መጣ? ከባቡሩ፣ ከባንኩና ከውጭው ነጋዴ ጋር መጣ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመኖች፣ ፈረንሳዮች ሱቅና መጋዘን ከፈቱ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር አንዱ ሆነ፤ አፈ ንጉሥ ነሲቡም ተሾሙበት። በዚያው ዓመት በጥር ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ፤ በተደራዳሪው ስም «የክሎቡኮቭስኪ ውል» የሚባለው ነው።

ይህ ውል ለንግድ ሙግት ያመጣው ጣጣ ቀላል አልነበረም። ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ የሚዳኛቸው ቆንስላቸው ሆነ። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ቆንስሉ ባለበት ያያል፤ የሚሠራበትም ሕግ የተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ሌሎቹም መንግሥታት የዚህ መብት ተካፋይ ሆኑ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። እንግዲህ አንድ የሐረር ቡና ነጋዴ አንድን የውጭ ኩባንያ ከከሰሰ ነገሩ የሚታየው በማያውቀው አገር ሕግ ነው፤ እሱ ራሱ ከተከሰሰ ግን በአገሩ። ስለዚህ የነጋዴ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን እውነት አለው?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ይክሰስ? የት ይከሰስ?» ሆነ። ለነገሩ ስም ከማውጣት በፊት ለሰውየው ዜግነት ስም ማውጣት መጣ ማለት ነው። ሥራው ከአንደበት ወደ ወረቀት መሄድ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በ1925 ዓ.ም. ስለ ኩባንያዎችና ስለ ኪሳራ ሕጎች ወጡ። ኪሳራ! ነጋዴ ሲወድቅ ምን ይሁን? ቁራኛ ይታሰር ወይስ ንብረቱ ተቆጥሮ ለባለገንዘቦቹ ይከፋፈል? ሕጉ ሁለተኛውን መረጠ። ሰውየውን ከማሰር ንብረቱን ወደ ማሰር የተደረገው ሽግግር በንግድ ሕግ ታሪካችን ውስጥ ከትልልቆቹ እርምጃዎች አንዱ ነው እንላለን። ጥቂት ሳይቆይ ግን የጣሊያን ወረራ መጣና ሁሉም ተቋረጠ።

ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የፍርድ አስተዳደር አዋጅም በዚያው ዓመት ወጣ። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መዳኘት ጀመሩ፤ ለጊዜው እንግሊዛውያን ዳኞችም አብረው ተቀመጡ። የቆንስላው ችሎት በዚህ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ የጠበቆች ምዝገባ ደንብ ወጣ፤ ጠበቃ መሆን ስጦታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሙያ ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3,367 ቁጥሮች፣ የንግድ ሕግ በ1,175 ቁጥሮች፣ የባሕር ሕግም ጭምር ወጡ፤ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋሉ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ፣ የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው፤ ሁሉም የፈረንሳይ ሊቃውንት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። ረቂቆቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ወደ አማርኛ ተመለሱ። በዚህ ሥራ የደከሙት ተርጓሚዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ለማናውቀው ሐሳብ ሁሉ ቃል ፈጥረዋል። ነገር ግን እስቲ አንድ አንቀጽ ገልጠህ ለአባትህ አንብብለት፤ ይገባዋል?

ሌላም አለ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ልማዱም ዘልቆ ቀረ። ስለዚህ የሕግ ተማሪ በፈረንሳይኛ የታሰበውን ሕግ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ይከራከራል፤ ደንበኛው ደግሞ በገበያ ቋንቋ ይነግረዋል። አራት ቋንቋ ለአንድ ዕዳ!

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። አንድ ከገጠር በርበሬ የሚያመጣ ነጋዴ ለመርካቶ ጅምላ ነጋዴ 80 ኩንታል በዱቤ ያስረክባል እንበል። ውል የለም፤ ደረሰኝ የለም። ሁለት ወዛደሮችና አንድ ጎረቤት ሲራገፍ አይተዋል። «ከበዓል በኋላ እከፍልሃለሁ» ተባለ። በዓሉ አለፈ፤ ሌላ በዓልም መጣ። ሰውየው ሲቸግረው ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ከተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ይሄዳል። «ምንድን ነው ነገርህ?» «ገንዘቤን አበድሬው ከለከለኝ!» በገበያ ቋንቋ ዱቤም ብድር ነውና ትክክል ተናግሯል። ጸሐፊውም እንደሰማው «ላበደርኩት ገንዘብ» ብሎ ይጽፋል።

አለቀ! የተከሳሽ ጠበቃ መልሱን በሁለት መስመር ይጽፋል፦ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በምስክር ሊረጋገጥ አይችልም፤ ጽሑፍ የለም፤ ተከሳሽም አያምንም»። ወዛደሮቹ ሳይሰሙ ይመለሳሉ። ዓይናቸው ያየውን ጆሮ የሚሰጠው ዳኛ የለም፤ ዳኛውም አልበደለም፣ ሕጉ ይከለክለዋል።

ዐዋቂ ጠበቃ ቢይዘውስ? በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር እንደቀረ አይደለም። «ገንዘብ ነው የሰጠኸው ወይስ በርበሬ?» ይለዋል። በርበሬ! እንግዲያስ ነገሩ ሽያጭ ነው። ለተራ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ ሕጉ የግድ ጽሑፍ አይጠይቅም፤ ምስክሮቹ ይሰማሉ። ያው 80 ኩንታል፣ ያው መጋዘን፣ ያው ሁለት ወዛደር፤ አንድ ቃል ሲለወጥ ፍርዱ ሊለወጥ ነው። ሥራው ይኸ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

የቀረው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። ለባለዕዳው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላካል። የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው ይታያል። የዳኝነት ገንዘብ ተከፍሎ ክሱ ይቀርባል፤ የማስረጃው ዝርዝርም ከክሱ ጋር ይያያዛል፣ «በኋላ አመጣዋለሁ» የሚባል ነገር አይወደድም። ባለዕዳው ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ተብሎ ከተፈራ ከፍርድ በፊት እንዲከበር ይጠየቃል። ተከሳሹ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካለው ያቀርባል፤ ጭብጥ ይያዛል፤ ምስክር በዋና ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ጥያቄና በድጋሚ ጥያቄ ይፈተናል። ከተፈረደም ዋናው ገንዘብ በዓመት መቶ 9 ሕጋዊ ወለድ ሊታሰብበት ይችላል። ከዚያ አፈጻጸም ይመጣል፤ ብዙ ነጋዴ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ ፍርድ በእጅ ይዞ ገንዘብ ማጣት አለና።

ባለዕዳው ቼክ ሰጥቶ ቢሆንስ? ያኔ ሌላ ስም፣ ሌላ ሕግ። በቼክ ላይ ተመሥርቶ ቼክ አውጪውን ለመክሰስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ቼኩ ለባንክ መቅረብ ያለበት ጊዜ ካበቃ በኋላ ስድስት ወር ብቻ ነው። ስንቱ ነጋዴ ነው «ይሉኝታ ያዘኝ» እያለ ቼኩን በመሳቢያ ውስጥ ሲያስረጅ የኖረው! ይሉኝታ በገበያ ክብር ነው፤ በይርጋ ፊት ግን ዋጋ የለውም።

የ500 ብሩን ነገር ግን ዝም ብለን አናልፈውም። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። የሐሳቡ መነሻ ግልጽ ነው፦ ትልቅ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ይጽፋል፤ ትንሹን የሚያበዳድር ደኻ ግን በምስክር ይዳኝ። ዛሬ 500 ብር የአንድ ቤተሰብን የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም። ቁጥሩ ከብሩ አቅም ጋር አብሮ አልተራመደም። ስለዚህ ለደኻው ተብሎ የተተወው በር ሳይነካ በራሱ ጊዜ ተዘጋ። የእቁብ ጓደኛ ለእቁብ ጓደኛው፣ ጉልት ሻጯ ለጎረቤቷ የምታበድረው ሁሉ ዛሬ ከዚያ መስመር በላይ ነው። ሕጉን ያረቀቀው ሊቅ ይህን አልፈለገም፤ የነጋዴው ልማድም አልፈለገውም። ማንም ሳይፈልገው ሆነ።

ወደ ታሪኩ እንመለስና እንጨርስ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ትልልቅ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ የግል ንግድ ሲጠብ የነጋዴ ጠበቃም ሥራ አብሮ ጠበበ። የንግድ ሕጉ አልተሻረም፤ ብዙው ክፍሉ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲሰፋ መጽሐፉ አቧራው ተራግፎ እንደገና ተገለጠ። የግል ባንኮች ተቋቋሙ፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ልብ በሉ፦ ባንኩ ዕዳውን ለማስከፈል ችሎት አያስፈልገውም፤ የበርበሬ ነጋዴው ግን ያስፈልገዋል። ይህም ከታሪኩ አንድ ክፍል ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደረገ፤ ጠበቃው ከሕጉ ቁጥር ሌላ የሰበር ቅጾችን ማገላበጥ ግድ ሆነበት።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት አዋጆች ተከታተሉ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበረውን የ1952ቱን ሕግ ተካ፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና የመሳሰሉት ሰነዶች የሚናገሩት አሮጌዎቹ መጻሕፍት ግን ሥራ ላይ ቀሩ። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ፣ ቁጥር 1237/2013፣ ነጋዴዎች ከችሎት ውጭ የሚዳኙበትን መንገድ አሰፋ። የጥብቅና አዋጁ፣ ቁጥር 1249/2013፣ ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ጠበቃ በስሙ ብቻውን ነበር የሚቆመው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማር? የጥንቱ ሙግት ይመለስ አንልም። ውርርዱ ለባለጸጋ ያደላ ነበር፤ ቁራኛውም የሰውን ክብር ያዋርድ ነበር። ወረቀት መልካም ነው፤ ወረቀት አይረሳም፣ ወረቀት ጉልበተኛን አይፈራም። ነገር ግን በዛፉ ሥር የነበረ አንድ ነገር አጥተናል፦ ባለጉዳዩ የራሱን ነገር ይሰማ ነበር። ዛሬ ነጋዴው ከችሎት ወጥቶ ጠበቃውን «ረታን ወይስ ተረታን?» ብሎ ይጠይቃል። በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ነገሩ!

ለዚህ መድኃኒቱ ከሰማይ አይወርድም። ሕግ የምናጠና ሁሉ አንድ አንቀጽ ባነበብን ቁጥር በመርካቶ ቋንቋ መልሰን መናገር እንችል እንደሆነ ራሳችንን እንፈትን። ዱቤ ምን ጊዜ ሽያጭ፣ ምን ጊዜ ብድር እንደሚሆን፣ ቼክ ስንት ጊዜ እንደሚኖር፣ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም፣ ቀን፣ ልክና ፊርማ ቢሰፍር ምን ያህል ሙግት እንደሚቀር፤ ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ በየሱቁ ማዳረስ ማንን ያቅታል? ራፖር ጸሐፊውንም አንናቀው፤ አብዛኛው ነገር መጀመሪያ ስም የሚወጣለት በእሱ ብዕር ነው፤ የተጣመመ ስም ከወጣለት በኋላ የሚያቃናው ጠበቃ ብዙ ደኻ ሊከፍለው የማይችል ነው። ከጃንጥላው ሥር ካለው ሰው ጋር ተቀምጦ ሁለቱን ቃላት ማስለየት፣ «ዕቃ ነው ወይስ ገንዘብ?» የምትለውን አንዲት ጥያቄ ማስለመድ፣ ከብዙ የችሎት ንግግር ይበልጣል።

ጠበቃ የሚጠብቅ ነው ብለናል። የሚጠብቀው ነገር ደግሞ በችሎት ቀን አይጀምርም። 80ው ኩንታል ከመኪና ሲራገፍ፣ ሁለቱ ነጋዴዎች ገና እየተሳሳቁ ሳሉ ይጀምራል።